ሰላምታ የማይጨርሰው ኤፍሬም

ኤፍሬም የሞተ ቀን ወረታ መብራት አልነበረም። ይህን ጽሑፌን ለማሳመር ብዬ አላመጣሁትም፤ በዚያ ሳምንት ሙሉ መብራት አልነበረም፣ በፊተኛው ሳምንትም የመጣው ለአመል ያህል ነው። ሰው ሲሞት ፀሐይ ጠቆረች፣ ወፎች ዝም አሉ የሚሉ ጽሑፎች አይዋጡልኝም። ፀሐይዋ የፎገራን ሜዳ እንደ ወትሮዋ ትጠብስ ነበር። ሩዝ የጫኑ ጋሪዎችም እንደ ወትሯቸው አስፋልቱን ዘግተው ሹፌሮችን ያሳብዱ ነበር። ከወትሮው የተለየ ያየሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ባለቤቱ ጥሩወርቅ መዳፍ የማትሞላ ስክሪን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። ስክሪኗ ጠፍታለች። ለቅሶ የመጡ ሴቶች ፎቶግራፉ መስሏቸው "እስቲ አሳይን" ይሏታል። አታሳይም።

ያገሬ ሰው "ሙት ወቃሽ አያድርገኝ" ይልና ወዲያው መውቀስ ይጀምራል። እኔ መቅድሙን ልተወው። ኤፍሬም አስቸጋሪ ሰው ነበር። ችኩል፣ ጯኺ፣ ሰው አክባሪነትን ጊዜ ማባከን አድርጎ የሚቆጥር። ከአዲስ አበባ ቄራ ሰፈር ተመድቦ ወረታ ወደሚገኝ የሙያ ኮሌጅ ሲመጣ ኤሌክትሮኒክስና ኮምፒውተር ሊያስተምር ነበር፤ እኔ ከደብረ ታቦር መጥቼ እዚያው እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ድምፁ ከመናኸሪያ ረዳቶች ድምፅ ጋር ይወዳደራል። እሱ ኤሌክትሪክ ሲያስተምር እኔ ከጎን ባለው ክፍል ኤሌክትሪክ እማር ነበር፣ ተማሪዎቼም እንግሊዝኛውን ትተው እንደዚያው።

ወረታ ግን ያወቀችው በድምፁ ሳይሆን በሰላምታው ነው። ወይም ሰላምታ በማጣቱ። እኛ ዘንድ ሰላምታ ጥያቄ አይደለም፤ ጉዳይ የሚቀመጥበት መደብ ነው። መደቡን ሳታነጥፍ ጉዳይህን ብታመጣ መሬት ላይ ይወድቅብሃል። ኤፍሬም ይህ ሊገባው አልቻለም። ጠዋት ጠዋት ከግቢው ዘበኛ ጋር የሚያደርጉትን ቆሜ እሰማ ነበር።

"እንደምን አደሩ መምህር?"

"ደህና።"

"እንዴት ሰነበቱ?"

"ትናንት አይተኸኝ የለ እንዴ!"

"ቤቱ እንዴት ነው? ልጆች እንዴት…"

"በሩን ክፈተው፣ ክፈተው!"

ዘበኛው በሩን እየከፈተ ወደ እኔ ዞሮ "ምን በድዬው ነው?" በሚል ዓይን ያየኛል። ምንም አልበደለውም። ኤፍሬምና ጥሩወርቅ ልጅ አልነበራቸውም፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ይህን ከዚያ ጋር ያያያዝኩት አይመስለኝም። የከተማ ልጅ ጥድፊያ ነው ብዬ ዘግቼው ነበር።

ከጥሩወርቅ ጋር የተዋወቁትም በዚሁ አመሉ ነው። እሷ ከይፋግ አካባቢ ነች፤ ወረታ ገበያ ሩዝ ትነግዳለች። ሊገዛ ሄዶ "ዋጋው ስንት ነው?" ይላታል። ዝም። "ስንት ነው እኮ?" ዝም። ሦስተኛ ሲጮህ ቀና ብላ "እንዴት ዋልሽ አይባልም? አሳዳጊ የለህም እንዴ አንተ?" አለችው። ይህን ታሪክ እሱ ራሱ ነው እየሳቀ የሚያወራው። "እንዴት ዋልሽ" ለማለት በማግስቱ ተመልሶ ሄደ፤ ከዚያም አልፎ አገባት። ለሌላ ሰው ግን ትምህርቱን አላስተላለፈም።

ጥሩወርቅ ማንበብ አትችልም ነበር። ሒሳብ ላይ ደላላ የሚሸሻት ሴት ናት፣ ፊደል ግን አልቆጠረችም። በተጋቡ ሰሞን ሊያስተምራት ሞክሮ እንደነበር ነግራኛለች። "ሦስተኛው መስመር ላይ ጮኸብኝ" አለችኝ። "ምን ሆነሽ ነው ሐመሩን ከሃሌታው የማትለዪው ይለኛል። እኔ በሬ ነኝ እንዴ የሚጮህብኝ? መጽሐፉን ዘግቼ ሰጠሁት።" ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ፊደል አልተነሳም።

እና ያ ድምፅ ታመመ። አንድ ክረምት ጎረነነ፤ መስከረም ጠብቶም አልተመለሰም። ወረታ ውስጥ ሐኪም ያልሆነ ሰው እንደሌለ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። ማር በዝንጅብል፣ ፌጦ በሎሚ፣ ጣራ ገዳም ወጥቶ ጠበል። ሁሉንም ሞከረ፣ ሁሉንም እየተቻኮለ። መጨረሻ አዲስ አበባ ሄዶ የጉሮሮ ካንሰር መሆኑ ተነገረው። ድምፁን ቆርጠው ሕይወቱን ሰጡት። ሲመለስ አንገቱ ላይ ነጭ ፋሻ የሸፈነው ቀዳዳ ነበረ፣ የሚተነፍሰው በሱ ነው፤ ከአፉ የሚወጣ ነገር የለም።

ሰው መናገር ሲያቅተው ሌላው ሰው የሚያደርገውን ልንገራችሁ። ይጮህበታል። ገበያ ውስጥ ሁሉም ጆሮው አጠገብ ተጠግቶ "መምህር! እንዴት! ነህ!" ይለዋል። ስልኩ ላይ ጽፎ ቢያሳያቸው ስልኩን ተቀብለው እነሱም ይጽፉለታል። አንድ ቀን ካርቶን ላይ በትልልቁ "ደንቆሮ አይደለሁም" ብሎ ጽፎ ደረቱ ላይ ይዞ ከኮሌጁ እስከ ገበያው ድረስ ተራመደ። ያዩት ሰዎች አዘኑ፤ አበደ ብለው ደግሞ ጮኹበት።

ኮሌጁ ወደ ንብረት ክፍል አዛወረው። ኃላፊው በትሕትና ነው የነገሩት፤ መምህር ያለ ድምፅ እንዴት ይሆናል አሉ። ድምፅ እያላቸው ምንም የማይሉ ስንት መምህራን ባሉበት ኮሌጅ! ያን ጊዜ የካይዘን ዘመን ነው፤ ከላይ በመጣ መመሪያ መደርደሪያው ሁሉ ወረቀት ይለጠፍበታል። ኤፍሬም ጠረጴዛውን ያደረገው "ለጊዜው የማይፈለግ" ከሚለው ወረቀት ሥር ነበር። ሆን ብሎ ነው።

ልጠይቀው ስሄድ እሱ ላፕቶፑ ላይ ይጽፋል፣ እኔ በአፌ እመልሳለሁ። እንዲህ ነበር የምንጫወተው።

"ሰሌዳ አለ፣ ጠመኔ አለ" አልኩት። "ጽፈህ አስተምር። የምን ድምፅ ነው?"

"ጀርባዬን ሰጥቼ አላስተምርም" ብሎ ጻፈ። "ሰው ፊት ለፊት ነው የሚናገረው። ፊቴን ማየት አለባቸው። ስቆጣም ማየት አለባቸው።"

"መቆጣቱን እንኳ ብትተወው።"

"ከሱ ሌላ ምን ቀረኝ?" አለ ላፕቶፑ፤ እሱ ሳቀ፤ ሳቁ በአንገቱ በኩል እንደ ንፋስ ወጣ።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ደረቱ ላይ የምትንጠለጠል ትንሽ ስክሪን፣ ወገቡ ላይ ትንሽ ኪቦርድ። እየጻፈ ሰው ፊት ቆሞ ይናገራል። ከውጭ የመጣ ዘመድ የሰጠው፣ የሲጋራ ፓኮ የምታክል ኮምፒውተር ነበረችው። ስክሪኗን መርካቶ ከአሮጌ ዕቃ ክምር ውስጥ አገኛት፤ አምራቿ አይታወቅ፣ መመሪያ የላት። ከኮምፒውተሯ ጋር ሲያገናኛት ነጭ ብርሃን ብቻ ታበራለች። ባዶ ነጭ።

"ለምን?" አልኩት።

የጻፈልኝን እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ፤ ኮምፒውተር የገባኝ ብቸኛው ጊዜ ስለሆነ። "የኮምፒውተር እልፍኝ ውስጥ የተቀመጠ ጌታ አለ፣ ከርነል ይባላል። ማንም ዕቃ በቀጥታ አያናግረውም። በእያንዳንዱ በር አጋፋሪ ያስፈልጋል። የኪቦርድ አጋፋሪ አለ፣ የድምፅ አጋፋሪ አለ። አጋፋሪው ድራይቨር ይባላል። ለዚች ስክሪን አጋፋሪ የጻፈላት የለም። ጌታው በሩ ላይ እንግዳ እንዳለ እንኳ አያውቅም።"

"አጋፋሪውን ከየት ታመጣለህ?"

"እጽፈዋለሁ።"

መጻፉ አንድ ነገር ነው። የተጻፈው ደግሞ ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ መፈጨት አለበት፤ እነሱ ኮምፓይል ማድረግ ይሉታል። ያቺ ትንሽ ኮምፒውተር ከነከርነሉ ስትፈጭ ከጠዋት እስከ ማታ ይፈጅባታል፤ ወረታ ውስጥ ደግሞ መብራት ከጠዋት እስከ ማታ ቆይቶ አያውቅም። ግማሽ ላይ ሲደርስ ድርግም። እንደገና ከመጀመሪያው። የሞተር ሳይክል ባትሪ ገዛ፣ አልበቃም። መጨረሻ የጎረቤቱን የሐጂ ኑሩን ጄኔሬተር ለመነ። ሐጂ ኑሩ ሱቃቸው ውስጥ ለማቀዝቀዣው የሚጠቀሙበት ነው።

"ይኼ ነገር ሲያልቅ ቴሌቪዥን ይወጣዋል?" አሉት ሐጂ።

ኤፍሬም ራሱን ነቅንቆ ወደ አፉ ጠቆመ።

"መናገሪያ?" አሉ ሐጂ። "ያ ሁሉ የተናገርከው አልበቃህም? እኛ እኮ ገና ማረፋችን ነው!" እያሉ ገመዱን ራሳቸው በመስኮት አቀበሉት። ለስላሳቸው ቀኑን ሙሉ ሞቆ ዋለ።

ፈጭቶ ሲጨርስ ድራይቨሩን ያስገባል፤ ስክሪኗ ነጭ። አስተካክሎ ይፈጫል፤ ነጭ። ለወራት። በዚህ መሃል ስንት ጊዜ ጠረጴዛ እንደደበደበ ንብረት ክፍሉ ያውቃል። ድምፅ የሌለው ሰው ቁጣው ወደ እጁ ይወርዳል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ መጥቶ እጄን ይዞ ጎተተኝ። ስክሪኗ ላይ ፊደል አለ። ተዘቅዝቆ ነው፣ ግን ፊደል ነው። "ሀ"። ምን አድርጎ ፊደል እንዳወጣባት ጠየቅሁት፤ የሰጠኝ መልስ የሱን ጠባይ ለሚያውቅ ሰው ከፊደሉ ይበልጥ የሚደንቅ ነው። ስክሪኗ መጀመሪያ ከእንቅልፏ መቀስቀስ አለባት፤ ከተቀሰቀሰች በኋላ ደግሞ ለቅጽበት መተው አለባት። እሱ ቀስቅሷት ወዲያው ትእዛዙን ያወርድባት ነበር። እሷ ገና ስላልነቃች አንዱንም አልሰማችውም። የጎደለው አንድ መስመር ነው፤ "ጠብቅ" የሚል።

ለጥሩወርቅ ይህን ስነግራት መቀነቷ እስኪፈታ ሳቀች። "ለሷ ጠበቃት? ለስክሪን? እኔን እንቅልፌን ሳልጨርስ ቁልፌ የት አለ የሚለኝ ሰው!"

ወደ ክፍል የተመለሰበትን ቀን ከኋላ ተቀምጬ አየሁ። ስክሪኗ ትንሽ ናት፤ የፊት ረድፍ ብቻ ነው የሚያነባት። ስለዚህ የፊቶቹ ጮክ ብለው ለኋለኞቹ ያነቡላቸው ጀመር። ቆየት ብሎ የፊት ረድፍ ሁሉ በአንድ ድምፅ እንደ ቆሎ ተማሪ ያነብባል። ኤፍሬም ይጽፋል፣ ተማሪው ያዜማል፦ "ኮረንቲ – ሰነፍ – ነው – ቀላሉን – መንገድ – ይመርጣል።" ከዚያ ደግሞ፦ "ከኋላ – ያለኸው – ቆብህን – አውልቅ – አንተ – በግ።" በጉንም አልዘለሉለትም። ልጁም አወለቀ። ኤፍሬም ፊቱ በርቶ ነበር። በሃያ አፍ መናገር የጀመረ ሰው ፊት ነበር።

ግምገማ ላይ ደግሞ ከዞን የመጡት ሰብሳቢ ስክሪኗን በሪፖርት ሊያስገቧት ፈለጉ። የዘመኑ ቃል "የቴክኖሎጂ ሽግግር" ነው፤ ነገር ሁሉ ካልተሸጋገረ አልተሠራም። "ይህ ቴክኖሎጂ" አሉ ብዕራቸውን አዘጋጅተው "ለስንት ኢንተርፕራይዝ ተሸጋገረ?"

ኤፍሬም መጻፍ ጀመረ። ስክሪኗ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለች ነው የምትሞላው፤ አዳራሹ አንገቱን አስግጎ ጠበቀ። በሕይወቱ ማንንም ጠብቆ የማያውቅ ሰው ያን ሁሉ ካድሬ አስጠበቀ።

"ለአንድ ጉሮሮ" ይላል።

ይህን ሁሉ ያመጣሁት ሳቅ ስለነበረበት ነው። ሰዎች ስለ ሞተ ሰው ሲጽፉ ሳቁን ያስቀሩታል፤ ሳቁ ከቀረ ግን የሞተው ማን እንደሆነ አይታወቅም።

ቤቱ ውስጥ ችግር ነበረ። ኮሌጁ በሙሉ የሚያነባትን ስክሪን ሚስቱ አታነባትም። ለተማሪው፣ ለዘበኛው፣ ለሐጂ ኑሩ ይናገራል፤ ማታ ቤቱ ሲገባ ለጥሩወርቅ በጣቱ እያመለከተ ነው። ውሃ። ጨው። በር። አንድ እሑድ ምሳ ጋብዘውኝ እሷው ናት የጀመረችው። የምታቀርብልኝን እንጀራ ትታ ደረቱ ላይ አፍጥጣ፣

"ይቺ ሁለት እግር ያላት ማናት?" አለችው።

እሱ ሌላውን አጥፍቶ ያቺን ፊደል ብቻ አስቀረላት። "በ" ነበረች። ከዚያ እኔን ጠቀሰኝ፤ እንድነግራት።

"በ ናት" አልኳት።

"በ" አለች። "በሬ።"

እንዲህ ነው የተጀመረው። እሷ ከገበያ ስትመለስ ፊት ለፊቱ ቁጭ ትላለች፣ እሱ አንዳንድ ፊደል ያወጣላታል፤ ስሙን ልትነግራት ማታ ማታ የሐጂ ኑሩ ባለቤት ትመጣለች። ስትሳሳት ራሱን ይነቀንቃል፤ ሌላ አይችልም። ቀደም ሲል ሦስተኛው መስመር ላይ የተጣሉበትን ፊደል አሁን ዘለቀችው። አንድ ጠዋት መንገድ ላይ አግኝታኝ "ገባኝ እኮ መምህር" አለችኝ። "ሲጮህ ያልገባኝ ነው አሁን የሚገባኝ። እግዜር ድምፁን የወሰደው ለኔ ብሎ እንዳይሆን እፈራለሁ።" አነበብኩ የምለው መጽሐፍ ሁሉ በዚያች ሰዓት አልጠቀመኝም።

ሕመሙ ተመልሶ መጣ። ይህን ለማሳጠር እሞክራለሁ። ቀኝ ክንዱ አብጦ ብዕር መያዝ አቃተው፤ ኪቦርዱን በግራ አንድ ጣቱ ይጫናል። ሐኪሞቹ ወደ ቤት መልሰውታል፤ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሦስታችንም እናውቃለን፣ ሦስታችንም አንናገረውም። አንድ የፈለገው ነገር ነበር። ከመሄዱ በፊት ጥሩወርቅ አንድ ሙሉ ነገር ከሱ እንድታነብ። ፊደል ሳይሆን፣ ውሃና ጨው ሳይሆን። እሷ ቃል ማንበብ ጀምራለች፣ ግን ትንንሽ ፊደል ይምታታባታል፤ ለሷ ትልልቅ ፊደል ያስፈልጋታል፣ ጥቂት ጥቂት ቃል ብቻ የሚወጣበት።

እሷ ገበያ በሄደችበት ጠርቶኝ አልጋው ላይ እንዳለ በአንድ ጣቱ ጻፈ። "ያን የማያልቀውን ሰላምታችሁን ንገረኝ። በሙሉ። ሳትዘል።"

ሳቅሁበት። "አሁን ነው ጎንደሬ ልትሆን የፈለግኸው?"

"ንገረኝ።"

ነገርኩት። እንዴት አደርሽ። እንዴት ሰነበትሽ። ቤቱ እንዴት ነው። አንዱን ሲጽፍ እጠብቀዋለሁ። "ልጆች እንዴት ናቸው" ስል ጣቱ ቆመ። "ይህን አልፈዋለሁ" ብሎ ጻፈ።

"ሳትዘል አላልክም?"

"ሁሉም በየቀኑ ይጠይቋታል" አለች ስክሪኗ፣ ፊደል በፊደል፣ ጣቱ እየደከመ። "የማይጠይቃት አንድ ሰው ይኑር።"

ያን ጊዜ ነው የዘበኛው በር ትዝ ያለኝ። ሰላምታውን ሁልጊዜ የት ላይ እንደሚቆርጠው። ቀጥልልኝ አለኝ፤ እህሉ እንዴት ነው አልኩት፤ እሱ "ሩዙ" አደረገው። ከእያንዳንዱ ቀጥሎ አንድ ነገር ጨመረ፤ ስክሪኗ ወደሚቀጥለው የምታልፈው ጥሩወርቅ ቁልፍ ስትጫን ብቻ ነው። እስክትጫን ትጠብቃታለች። "እስከ መቼ?" አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀ። ገደብ አላደረገበትም።

እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ይህን ጽሑፍ ሌላ ዓይነት እጽፈው ነበር። ግን ኤፍሬም ኤፍሬም ነው። ትልልቆቹ ፊደላት ሲወጡ ይንቀረፈፋሉ፣ መሃላቸው ይሰነጠቃል፤ ይህ አልጣመውም። አዲስ ከርነል ወጥቷል፣ ስክሪን ያፈጥናል የሚል አንብቦ ነበር። በኔ ስልክ ኢንተርኔት አወረደውና አሮጌውን ደምስሶ በላዩ ጫነው። አሮጌውን አላስቀመጠም። ወደ ኋላ ማየት ጠባዩ አልነበረም። ለአንድ ጌታ የተቀጠረ አጋፋሪ ግን አዲስ ጌታ ሲሾም በሩን አያስከፍትም፤ ድራይቨር የሚያገለግለው የተፈጨበትን ከርነል ብቻ ነው፣ ለአዲሱ እንደገና መፈጨት አለበት። ይህን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ሐሙስ ዕለት አስነሳት።

ነጭ።

ዓርብ ባትሪው አለቀ፤ መብራት እንደሆነ ሳምንቱን ሙሉ አልነበረም። ሐጂ ኑሩ ጄኔሬተሩን አመጡ፤ ቤንዚን ከባሕር ዳር በሰው አስመጡ፤ በዚህ ጊዜ አልቀለዱም። እኔ በኤፍሬም ጣት ጥቆማ ላፕቶፑ ላይ ትእዛዙን ጻፍኩ፣ ፍጭ አልኩት። ትንሽ ሄዶ ስህተት ብሎ ቆመ። አንድ መስመር እንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ መምህር ነኝ፤ ቃላቱን ሁሉ አውቃቸዋለሁ፣ አንዱም አልገባኝም። ላፕቶፑን ወደ ዓይኑ አስጠጋሁለት። አነበበው። ገባው፤ ፊቱ ላይ እንደገባው አየሁ። ጣቱን አንስቶ ብርድ ልብሱ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ። እንደገና ጻፈው። ምን እንደሆነ አላወቅሁም። ጥሩወርቅ አጠገባችን ቆማ ነበር፣ እሷም ጣቱን ለማንበብ ጎንበስ አለች።

"ይድገመው" አለችኝ። "ቀስ ብሎ ይድገመው በለው።"

አልደገመውም። ደከመው። ነጯ ስክሪን ደረቱ ላይ እንዳለች ጄኔሬተሩ ነዳጁን ጨርሶ ጠፋ፣ እሷም አብራው ጠፋች። ቅዳሜ አረፈ።

ከአርባው በኋላ ስክሪኗንና ኮምፒውተሯን ከጥሩወርቅ ተቀብዬ በሱ ቦታ የተተካችውን መምህርት ለመንኳት። ሥራዋ ብዙ ነው፣ ግን እሺ አለች። ስህተቱን አይታ "አዲሱ ከርነል ውስጥ የአንድ ነገር ስም ቀይረውታል" አለችኝ። "ድራይቨሩ የድሮ ስሙን ነው የሚጠራው፤ ስለዚህ ማንም አይመልስለትም።" ያንን ቃል ለወጠችና እንዲፈጭ ተወችው። በዚያ ቀን፣ በምን ምክንያት እንደሆነ አላውቅም፣ መብራት ሳይጠፋ ዋለ። አሁን ነው መብራት የሚኖረው? ብዬ የተሳደብኩት መሥሪያ ቤቱን ይሁን ሰማዩን አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ስክሪኗን ይዤ ጥሩወርቅ ቤት ሄድኩ። ጥቁሯን ለብሳ ሩዝ ስታበጥር ነበር። ወንፊቱን አስቀምጣ እጇን ታጠበች፣ ተመልሳ ፊት ለፊት ተቀመጠች፤ ድሮ እሱ ደረት ፊት ስትቀመጥ እንደነበረው። ስክሪኗን መደቡ ላይ ትራስ አስደግፌ አቆምኩላት፣ ቁልፉን አሳየኋት፣ አበራኋት።

ትንሽ ነጭ ሆነች። ከዚያ ፊደሉ መጣ፣ ትልቅ ትልቁ፣ ምንም አልተሰነጠቀም።

"እን…ዴ…ት" አለች ጥሩወርቅ። ጣቷ ስክሪኗን ሳይነካ አየር ላይ ይከተላል። "አ…ደር…ሽ። እንዴት አደርሽ።" ወደ እኔ አልዞረችም። "እግዚሃር ይመስገን" አለች፣ ለስክሪኗ። ተጫነች።

"እንዴት… ሰ…ነ…በ…ትሽ። እንዴት ሰነበትሽ። ደህና።" ተጫነች።

"ቤ…ቱ… ቤቱ እንዴት ነው። ደህና ነው።" ተጫነች።

የሚቀጥለውን ለረጅም ጊዜ አየችው። አላነበበችውም መሰለኝ፣ ልነግራት አፌን ስከፍት፣

"ሩዙ ይላል" አለች ቀስ ብላ። "ከቤቱ ቀጥሎ ሩዙ። ልጆች የምትለዋን ዘለላት።"



"ሩዙ ደህና ነው" አለች። "በዚህ ዓመት ጥሩ ነው። አንተስ? አንተ እንዴት አደርህ?"

እጇን ከቁልፉ ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አጣጠፈችው። ገና ብዙ ይቀራል፤ እኔ ራሴ ነኝ ያስጻፍኩት፣ አውቀዋለሁ።

"ተጫኝው" አልኳት። "ይቀጥላል።"

"ይቆይ" አለችኝ። "መጀመሪያ ይመልስ።"

ስክሪኗም፣ እንዳዘዛት፣ ትጠብቃት ነበር።